ሹሩባ ሠሪዋ ያገኘችው እብጠት

የእንቅርት ሕመምተኛ ያስታመመ ሰው ይህችን ነገር ሳይሰማ አይቀርም። «ሆርሞን የሚያበዛ እንቅርት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ካንሰር አይሆንም፣ አይዟችሁ።» ሐኪሙ ይላታል፣ ነርሷ ትላታለች፣ ወረፋ ላይ አጠገባችሁ የተቀመጡት እናትም ይሏታል። ውሸት አይደለችም። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ናት። ግን ከአፍ ወደ አፍ ስትሄድ «አብዛኛውን ጊዜ» የሚለው እየተንጠባጠበ ይቀራል። ቤት ስትደርስ ማኅተም ያለባት ማረጋገጫ ሆና ትገባለች።

እኛ ቤት የገባችው በአክስቴ በኩል ነው።

አክስቴ የጎጃም ደጋ ሴት ናት፤ አገሯ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነው። አንገቷን ዙሪያውን ተነቅሳለች። የተነቀሰችው በልጅነቷ ነው። ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርት ይከላከላል ተብሎም ነበር። አልተከላከለም። እንቅርቱ ከሥር ቀስ እያለ ሲያድግ ተጠጋግተው የነበሩት መስመሮች ተራራቁ።

በዚያ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም። የደጋውን አፈር አዮዲን ዝናብ ጠርጎ ወስዶታል። የሚበላው እህል ከዚያው አፈር ነው። ጨዉ ደግሞ ለዘመናት ከአፋር በአሞሌ የመጣ፣ አዮዲን ያልተጨመረበት። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ሲያንሰው ያለችውን ለመቃረም ይተልቃል። ውሎ ሲያድር አንድ ወጥ መሆኑ ይቀርና እባጭ እባጭ ይሆናል። ከእባጮቹ አንዳንዶቹ አንድ ቀን ከቁጥጥር ይወጡና በራሳቸው ፈቃድ ሆርሞን ማምረት ይጀምራሉ።

እግረ መንገዴን ስለ ጨው አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥት ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ደንግጓል፤ ደግ አደረገ። ታዲያ አዮዲን ለረጅም ጊዜ በራቀበት አገር ድንገት ሲመጣ፣ ካረጁት እንቅርቶች አንዳንዶቹ ይነቁና ሆርሞን ያበዛሉ። ዚምባብዌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዮዲን ያለው ጨው ሲገባ ይኸው ታይቷል። ጨዉን ለመጥላት ምክንያት አይሆንም። አሮጌ እንቅርት ያላቸውን ሰዎች በዓይን ለመከታተል ግን ይበቃል።

የአክስቴም እንቅርት ነቃ። ትበላለች፣ ትከሳለች። በኅዳር ውርጭ ጋቢዋን ጥላ በር ላይ ትቀመጣለች። ቡና ስታቀብል እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ሲኒውና ማስቀመጫው ይንጫጫሉ። ሌሊት ልቧ እየደለቀ አያስተኛትም። መጀመሪያ ስኳር ተባለ። ቀጥሎ ዓይን ነው ተባለና ጠበል ገባች። በመጨረሻ አዲስ አበባ እኛ ጋ መጣችና ደሟ ታየ። ታይሮይድን የሚያዘው ቲኤስኤች የለም በሚባል ደረጃ ወርዷል፤ ታይሮይዱ ራሱ የሚያመርታቸው ሆርሞኖች፣ ቲ3 እና ቲ4፣ ጣሪያ ነክተዋል። ፕሮፕራኖሎል ለልቧ፣ ፒቲዩ ለሆርሞኑ ተሰጣት። ከአንገቷም በቀጭን መርፌ ናሙና ተወሰደ፤ አደገኛ ሴል አልታየም የሚል መልስ መጣ። ቀስ በቀስ ሥጋ ለበሰች። እጇ ጸና። እኛም «ተገኘ» ብለን አረፍን።

ሕመም ስም ሲያገኝ ሌላው ሁሉ በዚያ ስም መጠራት ይጀምራል። አክስቴ ወገቤን ስትል «ይሄ ሕመም አጥንት ያሳሳል» ይባላል። እውነትም ያሳሳል፤ የበዛ ሆርሞን አጥንትን ይጎዳል። ደከመኝ ስትል ሆርሞኑ ነው። ድምፅሽ ጎረነነ ስንላት እንቅርቱ ተጭኖት ነው። ለሁሉም መልስ አለ፤ መልሱም ልክ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቤት ሁለተኛ በሽታ ቢመጣ «ማነህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

የጠየቀችው ሹሩባ ሠሪዋ ናት።

የእህቴ ሠርግ ደርሶ አክስቴ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ራሷን ሰጥታለች። ልጅቷ የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ጣቷ ፈጣን ነው፣ አፏም እንደዚያው። ከቀኝ ጆሮ ከፍ ብላ ወደ ኋላ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ፀጉሩን በማበጠሪያው ጫፍ ከፈለችው።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር መትቶዎት ነበር እንዴ?»

«የቱ? ተይው እሱን፣ ከርሟል። ስብ ነው።»

«ስብ ራስ ላይ ምን ይሠራል?»

«ከሆዴ የተረፈው ይሆናላ!»

ግቢው ሳቀ። ልጅቷ አልሳቀችም። እብጠቱ የግማሽ ሎሚ ያህል ነው። ለስለስ ያለ፣ የማያም፣ ቆዳው ያልቀላ። ዙሪያውን ጎነጎነችና በላዩ ግን አላሳልፍም አለች። «ሳጠብቀው የሆነ ነገር ይሰማኛል» ነው ያለችው።

ከሠርጉ በኋላ ክሊኒክ ሄድን። ስብ ነው፣ በማደንዘዣ ቶሎ ይወጣል ተባለና ቀጠሮ ተያዘ። በቀጠሮው ቀን የገባው ሐኪም ገና ወጣት ነው። ጓንቱን አጥልቋል፣ ምላጩ ትሪው ላይ ነው። እብጠቱ ላይ ሁለት ጣቱን አሳረፈና ዝም አለ። ቆየ። «ይመታል» አለ፤ ለነርሷ ይሁን ለራሱ አልለየለትም። ስብ አይመታም። ከዚያ አክስቴን ቀና እንድትል ነገራትና ነጠላዋን ከአንገቷ ዝቅ አደረገው።

«እማማ፣ ይሄ እንቅርት ስንት ዓመቱ ነው?»

«ምኑን አውቄው ልጄ፣ አብረን ነው ያረጀነው። መድኃኒት እወስድለታለሁ።»

ጓንቱን አወለቀ። ደም የሚበዛበት እብጠት ስለሆነ፣ ያን ቀን ቢቀደድ ኖሮ ደሙን ማቆም ጭንቅ ይሆን ነበር። ሲቲ ስካኑ ሲመጣ ከእብጠቱ ሥር ያለው የራስ ቅል አጥንት ተበልቷል። ናሙና ተወሰደ። የፓቶሎጂው ወረቀት ላይ የተጻፈው ግን ማናችንም ያልጠበቅነው ነው። ራስ ቅሏ ላይ የተገኘው የታይሮይድ ሥጋ ነው።

አክስቴ ሲነገራት ቶሎ አልተዋጠላትም። እንቅርቱ አንገቷ ላይ ነው፣ በእጇ ትነካዋለች። ከዚያ «እንግዲህ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

አክስቴን የያዛት ፎሊኩላር የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ነው፤ ጠባዩም እንዲህ ነው። በብዛት የሚታየው ፓፒላሪ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ እሱ አንገት ውስጥ ባሉት የንፍፊት ዕጢዎች በኩል መሄድ ይወዳል። ፎሊኩላሩ ግን ደም ሥር ይገባና ሳንባና አጥንት ላይ ያርፋል። የጀርባ አጥንት፣ ዳሌ፣ የጎድን አጥንት፣ አልፎ አልፎ የራስ ቅል። አዮዲን ባነሰበት አገር ደግሞ ድርሻው ከፍ ይላል። አንዳንድ ሰው ላይ የመጀመሪያው ምልክት አንገት ላይ ያለው እባጭ ሳይሆን ያለ ምክንያት የተሰበረ አጥንት ወይም እንዲህ ያለ እብጠት ይሆናል።

ያ የመጀመሪያው የመርፌ ናሙናስ? ለብዙ ቀን እሱ ነበር የሚያበሳጨኝ። ነገሩ ሲገባኝ ንዴቴ በረደ። የፎሊኩላር ካንሰር ሴሎች ረጋ ያሉ ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጉዳት ከሌለው እባጭ ሴል አይለዩም። ካንሰር የሚያሰኘው የሴሉ መልክ ሳይሆን ድንበር መጣሱ ነው። የእባጩን ሽፋን ወይም የደም ሥሩን ግድግዳ ሰብሮ ወጥቷል ወይ? ይህን ለማየት እባጩ ሙሉውን ወጥቶ፣ ተቆራርጦ፣ ዳር ዳሩ መመርመር አለበት። በመርፌ በተቀዳች ጠብታ ውስጥ ድንበር የለም። በዚያ ላይ መርፌው የሚገባው አንድ እባጭ ውስጥ ነው፤ አክስቴ አንገት ላይ ያሉት ብዙ ናቸው። ወረቀቱ አልዋሸም። እኛ ነን ከጻፈው በላይ ያነበብንበት።

አሁን ወደዚያች ማረጋገጫ ልመለስ። ሆርሞን ያበዛ እንቅርት ካንሰር አይሆንም የሚለው ዝም ብሎ የተወራ አይደለም፤ መሠረት አለው። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ቲኤስኤች የሚባለውን ትልካለች። ቲኤስኤች ለታይሮይድ እንደ አለቃ ነው፤ «አምርት፣ እደግ» ይለዋል። ሆርሞን ሲበዛ አለቃው አፉን ይዘጋል። የታይሮይድ ካንሰር ሴል አብዛኛው ይህን ትእዛዝ እየሰማ የሚያድግ ስለሆነ፣ ትእዛዝ በሌለበት አያድግም ተብሎ ታሰበ። የስካን ምርመራውም ይህን ያግዛል። በጣም ትንሽ ጨረር ያለው ነገር ለሕመምተኛው ይሰጥና በካሜራ ይታያል። አብዝቶ የሚስበው እባጭ ሙቅ፣ የማይስበው ቀዝቃዛ ይባላል። ሙቁ ካንሰር የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ለዚህም ነው ሐኪሞች ሙቁን እባጭ አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ የማይወጉት።

እስከዚህ ሁሉም ልክ ነው። ግን የደም ምርመራ የሚናገረው ስለ አንገቱ ጠቅላላ ነው። ስለ እያንዳንዱ እባጭ አይናገርም። አክስቴን ያከሷት፣ እጇን ያንቀጠቀጡት፣ ሐኪም ቤት ያመጧት ሙቆቹ ናቸው። ካንሰሩ ያደገው ከእነሱ ጎን፣ ምንም የማይሠራ በሚመስል ቀዝቃዛ እባጭ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ሙቆቹን ዝም አሰኘልን፤ እኛም አንገቱ ሁሉ የዳነ መሰለን። ሆርሞን የበዛበት ሰው አንገት ላይ ቀዝቃዛ እባጭ ሲገኝ፣ ሆርሞን እንዳልበዛበት ሰው ሁሉ ለብቻው መታየት አለበት። የዘርፉ ሐኪሞች ይህን ያውቁታል። ወረፋው፣ የአልትራሳውንዱ ዋጋ፣ ከክፍለ አገር መመላለሱ ነው የሚያስረሳው።

ግሬቭስ በሚባለው፣ ሆርሞን በሚያበዛው ሌላ በሽታ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1835 ከገለጸው የደብሊኑ ሐኪም ከሮበርት ግሬቭስ ነው። ብዙ ጊዜ ዓይን የሚያፈጥጠው እሱ ነው። እዚያ ቲኤስኤች ይወርዳል፣ ግን ሰውነት ራሱ የሠራቸው ፀረ እንግዳ አካላት የቲኤስኤችን ቦታ ይዘው ዕጢውን ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ «አለቃው ዝም ካለ ካንሰሩ አያድግም» የሚለው ሐሳብ እዚህ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የጣሊያን ሐኪሞች ግሬቭስ ያለባቸው ሰዎች ላይ የሚገኝ ካንሰር ጠንከር እንደሚል ጻፉ። ሌሎች እንዲህ አላገኘንም አሏቸው። ክርክሩ አልተዘጋም፤ ለእኔ ግን መከራከራቸው ራሱ ይበቃኛል። ማንም «የለም» አላለም።

ሰው እንዳይደነግጥ ይህንንም ልንገራችሁ። ሆርሞን ለበዛበት እንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ካንሰር ሲገኝ፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአንድ ሴንቲሜትር ያነሰ ፓፒላሪ ነው። ፓቶሎጂስቱ ሌላ ነገር ሲያይ በአጋጣሚ ያገኘዋል። ብዙውም አስጊ አይደለም። የአክስቴ ዓይነቱ ብርቅ ነው።

ከእሷም የባሰ ብርቅ አለ። ካንሰሩ ራሱ ሆርሞን የሚያመርትበት። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኒው ዮርክ ሞንቴፊዮሬ ሆስፒታል አንድ ሰው ይታከም ነበር። ታይሮይዱ ከዓመታት በፊት ወጥቷል። አንገቱ ላይ ዕጢ የለም፣ የዕጢው ሕመም ግን አለ። ይከሳል፣ ልቡ ይመታል፣ ሆርሞኑ በዝቷል። ከየት መጣ? ለካ ካንሰሩ ሌላ ቦታ ተሠራጭቶ፣ በሄደበት ሁሉ የታይሮይድን ሥራ እየሠራ ነው። ታይሮይድ ደግሞ አዮዲን ይወዳል። ሐኪሙ ሳሙኤል ሳይድሊን ጨረር ያለው አዮዲን ሰጡት፤ አዮዲኑም የተሠራጨውን ካንሰር ካለበት ፈልጎ ገባበት። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1941 ሳውል ኸርትዝ ቦስተን ላይ ይኸንኑ አዮዲን ሆርሞን ለበዛበት ሰው ሰጥተው ነበር። የሳይድሊን ጽሑፍ በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ስለዚህ ዛሬ ዓለም ሁሉ ለታይሮይድ ካንሰር የሚጠቀምበት ሕክምና ስሙን ያወጣው፣ ሆርሞን በበዛበት የካንሰር ሕመምተኛ ላይ ነው። አብረው አይሄዱም የተባሉት ሁለቱ ማለቴ ነው።

ሌላም አለ፣ በአጭሩ ልለፈው። አናፕላስቲክ የሚባለው ክፉ ዓይነት ዕጢውን በፍጥነት ሲያፈርሰው የተከማቸው ሆርሞን ደም ውስጥ ይፈስሳል። አንገት ያማል፣ ቲኤስኤች ይወርዳል፤ ለማንም ሰው የዕጢ ብግነት ይመስላል። ደግሞም እንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚወጣበት ዕጢ) ውስጥ የታይሮይድ ሥጋ በቅሎ ሆርሞን የሚያመርትባቸው ሴቶች አሉ። አካላችን አንዳንዴ ለሐኪም አይመችም።

ለአክስቴ የታሰበው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሆርሞኑ በመድኃኒት ይረጋል፤ ሳይረጋ ቢቀደድ ሆርሞኑ እንደ ማዕበል ተነሥቶ ሊገድል ይችላል። ከዚያ ታይሮይዱ ሙሉ ለሙሉ ይወጣል፤ ቀጥሎ ያ ጨረር ያለው አዮዲን ይሰጣታል። አንገት ላይ ዕጢ ካለ አዮዲኑን እሱ ይሻማዋል፣ ራስ ቅል ላይ ያለው ድርሻውን አያገኝም። ቀዶ ሕክምናው በደህና አለፈ። ድምፅዋ ለትንሽ ጊዜ ሰለለ፣ ተመለሰ። ንቅሳቱ መሐል ለመሐል ተቆርጦ ተሰፍቷል፤ መስመሮቹ ልክ ሳይገናኙ ቀሩ፤ እሷ «ሰፊው ጎጃሜ አይደለም» ትላለች።

ከአዮዲኑ በፊት ሰውነት አዮዲን እንዲርበው ይደረጋል። ሐኪሟ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ እንዳትቀምስ ሲነግራት ሳቀች። ዐቢይ ጾም ላይ ነበርን። «ይሄንንማ ቤተ ክርስቲያን ቀድማዎታለች» አለችው። ጨዉ ላይ ግን ተቸገርን። ሱቅ ያለው ሁሉ «አዮዲን ያለው» ይላል። ስንት ዓመት ሬዲዮኑ ግዙ ሲለን የኖረውን ጨው፣ አሁን የሌለበትን ፍለጋ ወጣን። እናቴ የሆነ ቦታ አሞሌ አገኘች። በሙቀጫ ወቅጣው ለአክስቴ ለብቻዋ ሽሮ ሠራችላት።

አዮዲኑን ከዋጠች በኋላ ጥቂት ቀን ለብቻዋ ሆነች። ልጆችና ነፍሰ ጡር አጠገቧ አይደርሱም። በሯ ላይ ቆመን እናወራታለን። ፀበኛ ሆና ነው የወጣችው። የራስ ቅሏ እብጠት እየቀነሰ ሄደ፤ አልጠፋም። በደም የሚታይ ታይሮግሎቡሊን የሚባል ነገር አለ፤ ታይሮይድ የሌለው ሰው ላይ ከታየ የተረፈ ሴል አለ ማለት ነው። የእሷ በጣም ወርዷል፣ ዜሮ ግን አልገባም። ክትትሉ ይቀጥላል።

ያልተቀበለችው አንድ ነገር አለ። ታይሮይድ ስለሌላት ሆርሞኑን በኪኒን ትወስዳለች፤ ሌቮታይሮክሲን። ሐኪሟ መጠኑን ሆን ብሎ ትንሽ ከፍ አድርጎታል፤ ቲኤስኤች ወርዶ የቀሩትን ሴሎች እንዳይቀሰቅስ። «ስንት ዓመት አውርጂ ሲሉኝ ኖረው አሁን ከፍ አድርጊ?» ትላለች። ሎጂኩን ነገርኳት። ገባኝ አለች፤ ፊቷ ግን አልገባኝም ይላል።

ኪኒኑ በባዶ ሆድ ነው፤ ቡና ደግሞ ይሻማዋል፣ ትንሽ መቆየት አለበት። ጾምን የንስሐ አባቷን ጠየቀች፣ «መድኃኒት ነው፣ ዋጪ» አሏት። የቡናው ግን በእሳቸውም አልተፈታም። ለጊዜው የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ሌሊት 11 ሰዓት ኪዳን ለመሄድ ስትነሣ ትውጣለች፣ ስትመለስ ቡናው ይፈላል። በማትሄድበት ቀን ግን እኔ ከመንቃቴ በፊት ጀበናው ይጣዳል። ኪኒኑን መቼ እንደዋጠች ስጠይቃት «ቀድሜ ነው» ትለኛለች። ስንት ደቂቃ ቀድማ እንደሆነ አትነግረኝም።